ከፍራንክፈርት ወደ ራይንፌልስ፦ ልጆች ይዞ በኪራይ መኪና የአንድ ቀን የግንብ ጉብኝት

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከታደሰ ቤተ መንግሥት ይልቅ የፈረሰ ግንብ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የታደሰው ጋ ሲገባ “አትንኩ፣ አትሩጡ፣ ድምፅ ቀንሱ” ነው። የፈረሰው ጋ ግን ድንጋዩ ይነካል፣ ደረጃው ይወጣል፣ በቀዳዳው ይሾለካል። ልጆቹም ቤት ገብተው ሲያወሩ የሚውሉት ይህንኑ ነው።

ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ለምንኖር ሰዎች ለዚህ የሚመች ቦታ ራይንፌልስ ነው። ራይን ወንዝ ዳር፣ ከሳንክት ጎዋር ከተማ በላይ ኮረብታው ላይ የተቀመጠ ሰፊ ፍርስራሽ ነው። ባቡርም ሳንክት ጎዋር ድረስ ይወስዳል። ነገር ግን ከጣቢያው እስከ ግንቡ ያለው ዳገት ሕፃን፣ ስንቅና አያት ለያዘ ሰው ቀላል አይደለም። መኪና ተከራይቶ መሄድ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። በአንድ ቀን አንድ ግንብ ብቻ እዩ። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ባለው 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸለቆ ውስጥ በየኮረብታው ግንብ አለ። ሁሉንም ላዳርስ ያለ ቤተሰብ ቀኑን መኪና ውስጥ ይጨርሰዋል። ሌሎቹን ከመንገድ ላይ ማየት ይበቃል።

የጻፍኩት ሰዓት ሁሉ በጀርመን ሰዓት ነው፤ ዓመተ ምሕረቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ቀኑን ምረጡ

ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ይሻላል። በብርዱ ወራት ግንቡ የሚከፈትበት ሰዓት ያጥራል፣ ጭራሽ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በዚያ ላይ ሸለቆው በ2029 ቡጋ የሚባለውን ትልቅ የአትክልት ትርዒት ለማስተናገድ እየተዘጋጀ ስለሆነ ግንቡ ላይ የእድሳት ሥራ ይኖራል። አንዳንዱ ክፍል፣ በተለይ የምድር ውስጥ መተላለፊያው፣ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ መኪና ከመያዛችሁ በፊት የሳንክት ጎዋርን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ግልጽ ካልሆነላችሁ ደውሉ። ይህን ሳያረጋግጡ መሄድ ልጅን የተዘጋ በር ለማሳየት መጓዝ ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ቅዳሜን እመርጣለሁ። እሁድ ቅዳሴ የምትሄዱ ከሆነ ጠዋቱ ያልቃል። የጎደለ ነገር ልግዛ ብትሉም እሁድ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የትምህርት ቤት ዕረፍት ሆኖ በሥራ ቀን መሄድ ከቻላችሁ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ሰውም ይቀንሳል፣ የኪራይ ቢሮዎችም እንደ ልብ ክፍት ናቸው።

ሁለት ቀኖችን ተጠንቀቁ። በጁን መጨረሻ አካባቢ “ታል ቶታል” የሚባል እሁድ ሊኖር ይችላል። ያን ቀን በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉት መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለብስክሌተኛ ይለቀቃሉ። በሴፕቴምበር ደግሞ ሳንክት ጎዋር ላይ ትልቅ የርችት ምሽት አለ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ መኪና ማቆሚያ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው።

2. መኪናውን ተከራዩ

መጀመሪያ ማን እንደሚነዳ ወስኑ። የኢትዮጵያ መንጃ ፍቃድ እዚህ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ የሚያገለግለው ለ6 ወር ነው። ኢትዮጵያ ያለ ፈተና ከሚቀየርላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የጽሑፍም የመንዳትም ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ግን በኢትዮጵያ መንጃ ፍቃዱ መንዳት ይችላል። የጀርመንኛ ትርጉም ወይም ዓለም አቀፍ መንጃ ፍቃድ አብሮ መያዝ አለበት። አከራዩ የራሱ ተጨማሪ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል ቀድማችሁ ጠይቁ። ውሉ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ሰው ግን መሪ አይያዝ። “ትንሽ ላግዝህ” ብሎ የተቀበለ ወንድም ቢጋጭ ኢንሹራንሱ ፊቱን ያዞራል። ሁለተኛ ነጂ ለማስመዝገብ የሚከፈለው ገንዘብ ከዚያ ጣጣ ጋር ሲነጻጸር ምንም አይደለም። ነጂው ከ25 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ አብዛኛው አከራይ ተጨማሪ ያስከፍላል።

ቀጥሎ ካርዱ ነው። አከራዩ መኪናውን ሲሰጣችሁ ካርዳችሁ ላይ መያዣ ይቆልፋል። ካርዱ በዋናው ነጂ ስም መሆን አለበት። የሚስት ካርድ ለባል ወይም የባል ካርድ ለሚስት ብዙ ቦታ አይሠራም። ዴቢት ካርድ ወይም አስቀድሞ የተሞላ ካርድ የማይቀበሉ አከራዮችም ስላሉ ዋጋውን ብቻ አይታችሁ አትዘዙ፤ የክፍያ ደንቡን አንብቡ። ካርዱ ላይ ለመያዣው የሚሆን በቂ ገደብ መኖሩንም እዩ። መኪናው ተዘጋጅቶ በካርድ ምክንያት ባዶ እጅን መመለስ በጣም የተለመደ ነው።

የኪራይ ቀን የሚቆጠረው ከተረከባችሁበት ሰዓት ጀምሮ 24 ሰዓት ነው። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ጥቅም አለው። ዓርብ ማታ 6 ሰዓት ተረክባችሁ ቅዳሜ ማታ 6 ሰዓት ብትመልሱ ሂሳቡ የአንድ ቀን ነው። የልጆቹን መቀመጫ በተረጋጋ መንፈስ ዓርብ ማታ ታስራላችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ግን መነሳት ብቻ ነው። ችግሩ ከተማ ውስጥ ያሉ ቢሮዎች ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ብዙውን ጊዜ ይዘጋሉ። ቁልፍ የሚጣልበት ሳጥን ያላቸው አሉ። ይሁን እንጂ ሠራተኛው ሰኞ ጠዋት መጥቶ መኪናውን እስኪያይ ድረስ ኃላፊነቱ የእናንተው ሊሆን ስለሚችል የውሉን ቃል እዩ። የፍራንክፈርት አየር ማረፊያ ቢሮዎች ዋጋቸው ጨመር ቢልም ቅዳሜና እሁድ እስከ ምሽት ይሠራሉ። መመለሻው መንገድም ቀጥታ እዚያው ያወጣችኋል። እኔ ልዩነቱን ከፍዬ አየር ማረፊያውን እመርጣለሁ።

የመኪናው መጠን ላይ አትሳሱ። ሁለት የልጅ መቀመጫ፣ ጋሪና የስንቅ ሳጥን ለያዘ ቤተሰብ ትንሿ መኪና አትበቃም። ከኋላ ሰፋ ያለ የዕቃ ቦታ ያለውን ኮምቢ ውሰዱ። ሦስት ልጆች ሦስቱም መቀመጫ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ተራ መኪና ኋላ ላይ ሦስቱን ጎን ለጎን ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። ባለ 7 ወይም ባለ 9 መቀመጫ ያዙ። ተራው የቢ መንጃ ፍቃድ ከነጂው ጋር እስከ 9 ሰው ያስነዳል። በማኑዋል ማርሽ ዳገት ላይ መነሳት የሚያስጨንቃችሁ ከሆነም አውቶማቲክ እዘዙ። ወደ ግንቡ የሚወጣው መንገድ ጠባብና ቀጥ ያለ ዳገት ነው።

ኢንሹራንሱን በተመለከተ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ፣ ፎልካስኮ፣ ማለትም የራሱን የመኪናውን ጉዳት የሚሸፍነው ኢንሹራንስ መኖሩን። ሁለተኛ፣ ዘልብስትበታይሊጉንግ የሚሉትን፣ ማለትም ጉዳት ቢደርስ ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን መጠን። ርካሽ የሚመስለው ኪራይ ላይ ይህ መጠን ሺህ ዩሮና ከዚያ በላይ ይሆናል። ወደ ዜሮ የሚያወርደውን ውል ብትወስዱ ቀኑን ሙሉ ልባችሁ አይሰቀልም። ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ መካተታቸውንም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

3. የልጆች መቀመጫ

ሕጉ ግልጽ ነው። ዕድሜው 12 ያልሞላ፣ ቁመቱም 150 ሳንቲ ሜትር ያልደረሰ ልጅ ለእሱ የሚሆን መቀመጫ ላይ መቀመጥ አለበት። ጨቅላውን ጭን ላይ ማቀፍ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ አይሞከርም። አከራዩ መቀመጫ ያከራያል። እኔ ግን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። የኪራዩ ምን ዓይነት እንደሚመጣ አይታወቅም። ልጁም የለመደው ላይ ቶሎ ይተኛል። ፊቱን ወደ ኋላ የሚያዞር የሕፃን መቀመጫ ከፊት ወንበር ላይ ማድረግ ካለባችሁ የዚያን ወገን ኤርባግ ማጥፋት ግዴታ ነው። ቢቻል ግን ከኋላ ይሁን።

4. ስንቅና ዕቃ

በወንዙ ዳር ያሉት ትንንሽ ከተሞች ምግብ ቤት አያጡም። የሚያጡት የጾም ምግብ ነው። ኦገስት ውስጥ ፍልሰታን የምትጾሙ፣ ወይም ረቡዕና ዓርብ የምትሄዱ ከሆነ ከድንች ጥብስ ውጪ ብዙ ምርጫ አታገኙም። ሐላል የሚፈልግም እንዲሁ። ስለዚህ ፍርፍር በክዳን ዕቃ፣ ድፎ ዳቦ፣ ሳምቡሳ፣ ቆሎና ሻይ በፔርሙስ ያዙ። ዓርብ ማታ ከተዘጋጀ ቅዳሜ ጠዋት ማንም አይሯሯጥም።

ከምግብ ሌላ፦ ለእያንዳንዱ ሰው የእጅ ባትሪ (የስልክ መብራት አይበቃም፣ ሁለቱም እጅ ያስፈልጋል)፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ፣ በበጋም ቢሆን ሹራብ፣ ቅያሪ ሱሪ፣ የሳንቲምና የወረቀት ብር። ሕፃን ካለ አንቀልባ ወይም ደረት ላይ የሚታሰር መያዣ አትርሱ። ጋሪ ግንቡ ውስጥ አይሄድም። መኪና ላይ የሚያስመልሰው ልጅ ካለ ፌስታልና እርጥብ መጥረጊያ እጅ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ወንዙ እየተጠማዘዘ ሲሄድ መንገዱም አብሮት ይጠማዘዛል።

5. መኪናውን ስትረከቡ

እዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ስጡ። ሠራተኛው ቁልፍ ሰጥቶ “መልካም ጉዞ” ሲል ወዲያው አትነሱ። ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ ከፊት ባምፐር ጀምራችሁ ዙሩ። ጎንበስ ብላችሁ አራቱንም ቸርኬ ከቅርብ አንሱ። በእግረኛ መንገድ ጠርዝ የተፋቀ ቸርኬ ክርክር ከሚያስነሱት ነገሮች አንደኛው ነው። የስፖኪዮውን ጀርባ፣ የበሮቹን ጠርዝ፣ ጣሪያውንም አንሱ። የፊት መስታወቱን ጎን ለጎን ሆናችሁ በብርሃን እዩት። ጠጠር የመታው ነቁጥ ከፊት ለፊት አይታይም። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ኪሎ ሜትሩንና ነዳጁን በአንድ ፎቶ ያዙ። ወረቀቱ ላይ ያልተመዘገበ ጭረት ካገኛችሁ ሳትወጡ አስመዝግቡ። ሠራተኛው “ችግር የለም፣ ትንሽ ናት” ቢላችሁም ይጻፍልን በሉ።

ቤንዚን ይሁን ዲዝል ከነዳጅ ጉሮሮው ክዳን ላይ አንብቡ። ሦስት ማዕዘኑ ምልክት፣ አንጸባራቂ ሰደርያውና የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑ መኖራቸውን አረጋግጡ። ከማቆሚያው ከመውጣታችሁ በፊት ወንበሩን፣ መስታወቶቹንና የስልክ ማስቀመጫውን አስተካክሉ። እየነዱ ስልክ መንካት 100 ዩሮና በነጂዎች የቅጣት መዝገብ ላይ አንድ ነጥብ ያስቀጣል።

6. ስትሄዱ በወንዙ ዳር፣ ስትመለሱ በአውቶባን

ብዙ ሰው በተቃራኒው ያደርገዋል። ጠዋት ልጆች ነቅተው ሳሉ ነው የወንዙን መንገድ ማሳየት ያለባችሁ። ማታ ሲተኙ አውቶባኑ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና፣ ይበቃል።

ጠዋት 8 ሰዓት ላይ ተነሱ። ከፍራንክፈርት በኤ 66 ወደ ቪስባደን ሂዱ። ከቪስባደን በኋላ አውቶባኑ አልቆ ቤ 42 የሚባል ተራ መንገድ ይሆናል፣ በወይን እርሻ መሃል አድርጎ ሩደስሃይም ያደርሳችኋል። እዚያ ለሽንትና እግር ለማፍታታት ብቻ ቁሙ። ከተማዋ ታምራለች ግን ቀን ትበላለች።

ከሩደስሃይም በኋላ ሸለቆው ይጠባል። በቀኝ ገደሉ፣ በግራ ወንዙ፣ በመሃል እናንተ። ካውብ ስትደርሱ ወንዙ መሃል መርከብ የመሰለ ነጭ ግንብ ታያላችሁ። ፕፋልትስግራፈንሽታይን ይባላል፤ ሥራው የተጀመረው በ1320ዎቹ ቀረጥ ለመሰብሰብ ነው። በ1814 አዲስ ዓመት ላይ የፕሩሲያው የጦር አዛዥ ብሉሸር ናፖሊዮንን እያሳደደ ጦሩን ያሻገረውም እዚህ ጋ ነው። ፎቶ አንስታችሁ እለፉ። ቀጥሎ ሎሬላይ የሚሉት፣ ከወንዙ ወደ 130 ሜትር ከፍ ያለ ቋጥኝ ይመጣል። ወንዙ እዚያ ጋ ይጠባል፣ ይጠማዘዛል፣ ጥንት ብዙ ጀልባ አስጥሟል። ጀርመኖች ቋጥኙ ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን የምታበጥር ቆንጆ ልጅ ጀልባ ነጂዎችን እያማለለች ታሰምጥ ነበር ይላሉ። ተረቱን ሎሬላይ ከመድረሳችሁ በፊት ለልጆቹ ጀምሩላቸው።

በሁለቱም ዳር ረጃጅም የጭነት ባቡሮች ያልፋሉ። ፉርጎ መቁጠር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ግማሹን መንገድ ሌላ ጨዋታ አያስፈልጋችሁም።

ከማይንትስና ቪስባደን በታች እስከ ኮብሌንዝ ድረስ ራይን ላይ የመኪና ድልድይ የለም። ሳንክት ጎዋርስሃውዘን ስትደርሱ ወደ ማዶ የምትሻገሩት መኪና በሚጭን ጀልባ፣ በፌሪ ነው። ልጆቹ በጣም የሚደሰቱበት ክፍል ይህ ነው፤ ለማያውቀው ነጂ ግን ያስፈራል። አሠራሩ ቀላል ነው። ምልክቱን ተከትላችሁ ሰልፍ ያዙ። ሠራተኛው በእጁ ሲጠራችሁ በዝግታ ግቡ፣ ከፊታችሁ ያለው መኪና ጋ ጠጋ በሉ፣ ሞተር አጥፉ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ማርሹን ፒ ላይ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ። ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው መስኮታችሁ ድረስ ይመጣል። ቲኬት ቀድሞ መግዛት አያስፈልግም። መሻገሪያው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከመኪና ወርዳችሁ የልጆቹን እጅ ይዛችሁ ወንዙን እዩ። ፌሪው ሲመላለስ ስለሚውል ቢያመልጣችሁ ብዙ አትጠብቁም። ወንዙ በጣም ሲሞላ ወይም በጣም ሲጎድል ግን ሊቆም ይችላል። ከሰሞኑ ከባድ ዝናብ ወይም ድርቅ ከነበረ ጠዋት ቤት ሳላችሁ አረጋግጡ።

ስለ አነዳድ ጥቂት ልበል። አውቶባን ላይ የግራው መስመር ለመቅደም ብቻ ነው፤ ቀድማችሁ ወዲያው ወደ ቀኝ ተመለሱ። ገደብ በሌለበት ቦታም የሚመከረው ፍጥነት 130 ነው፤ ልጆች ጭናችሁ ከዚያ አትለፉ። መኪና ተጨናንቆ ሲቆም በግራ ያለው ወደ ግራ፣ ሌላው ሁሉ ወደ ቀኝ ጠጋ ብሎ ለአምቡላንስ መሃሉን ይከፍታል። ቤ 42 ላይ ያሉት መንደሮች ውስጥ 50፣ አንዳንዴም 30 ነው፤ ራዳርም ይኖራል። ቅጣቱ መጀመሪያ ለአከራዩ ይደርሳል፣ አከራዩ ስማችሁን ይሰጣል፣ ብዙዎቹ ለዚሁ የራሳቸውን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምሩበታል።

ግጭት ከደረሰ፣ ቀላልም ቢሆን፣ በ110 ፖሊስ ጥሩ። አብዛኛው የኪራይ ውል ይህን ይጠይቃል። ሰው ከተጎዳ 112 ነው።

7. ግንቡ ላይ

ፌሪው ሳንክት ጎዋር ያወጣችኋል። ከዚያ ወደ ግንቡ የሚወጣውን ምልክት ተከተሉ። ግንቡ አጠገብ የሚከፈልበት ማቆሚያ አለ፣ ግን ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይሞላል። ከ11 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከሞላ አያትንና ሕፃኑን የያዘችውን እናት ግንቡ ጋ አውርዳችሁ መኪናውን ወንዙ ዳር ባለው ማቆሚያ ትታችሁ በእግር ውጡ። ዳገት ነው፣ ግን ሩቅ አይደለም።

ትኬት እንደቆረጣችሁ ቀጥታ ወደ ፍርስራሹ አትሩጡ። መጀመሪያ ሙዚየሙ ግቡ። እዚያ ግንቡ ከመፍረሱ በፊት የነበረውን ቅርጽ የሚያሳይ ሞዴል አለ። ልጆቹ “አሁን የቆምነው የቱ ጋ ነው?” ብለው እንዲፈልጉ አድርጉ። ይህን ያየ ልጅ ውጭ ወጥቶ ግማሽ ግድግዳ ሲያይ ቀሪውን በራሱ ይሞላዋል። ያላየ ልጅ የሚያየው የድንጋይ ክምር ነው።

ታሪኩን ለልጅ በሚገባ መንገድ እንዲህ አጫውቷቸው። በ1245 ካትስነልንቦገን የሚባል ቤተሰብ ጌታ የነበረው ዲተር ግንቡን ጀመረ። በታች የሚያልፍ የንግድ ጀልባ ሁሉ ቀረጥ ይከፍለዋል። ቀረጡ ሲበዛ የራይን ከተሞች አብረው ተነሱበት፣ በ1255 ግንቡን ከበቡት። ከዓመት በላይ ከበው አልቻሉትም። በኋላ ግንቡ ለሄሰን መሳፍንት ተላለፈ። እነሱም እያሰፉ ትልቅ ምሽግ አደረጉት። በ1692 የፈረንሳዩ የሉዊ 14ኛ ጦር፣ 28,000 የሚሆን ሠራዊት፣ መጣበት። ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሺህ ነበሩ፤ ተከላክለው መለሱት። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1794 ግን የፈረንሳይ አብዮት ጦር ሲመጣ ያለ ውጊያ እጁን ሰጠ። ፈረንሳዮቹም በ1796 እና 1797 በባሩድ አፈረሱት። በኋላም ሰው ድንጋዩን እየወሰደ ሌላ ግንባታ ሠራበት።

ለእኛ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩላቸው። አፄ ፋሲል ጎንደርን በ1636 ዋና ከተማቸው ሲያደርጉ ይህ ግንብ ቆሞ ሰው ይኖርበት ነበር። የሉዊ 14ኛ ጦር በ1692 ሲከብበው ጎንደር ላይ አድያም ሰገድ ኢያሱ ነግሠው ነበር። የፋሲል ግቢ በ1979፣ ይህ የራይን ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። የጎንደርን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይዛችሁ እዚያው ግድግዳው ሥር አሳዩአቸው። እዚህ የተወለደ ልጅ ግንብ የአውሮፓ ብቻ እየመሰለው ማደግ የለበትም።

ከሙዚየሙ በኋላ ወደ ሰዓት ማማው ውጡ። ከላይ ሆናችሁ ማዶ ሁለት ግንብ ታያላችሁ። አንደኛው ካትስ፣ ድመት ይባላል። ሌላው ማውስ፣ አይጥ ነው። የባለቤቶቻቸውን ጠብ የሚያላግጥ የቅጽል ስም ነው። ልጆች ይህን አይረሱትም።

የምድር ውስጥ መተላለፊያዎቹን ለመጨረሻ አቆዩ። ከበባ ሲመጣ ባሩድ አጥምዶ ጠላትን ከሥሩ ለማፈንዳት የተቆፈሩ ናቸው። ክፍት ከሆኑና መግባት ከተፈቀደ፣ የተፈቀደውን መንገድ ብቻ ተከተሉ። ውስጡ ድፍን ጨለማ ነው። የእጅ ባትሪው ክብ ብርሃን ካረፈበት ድንጋይ ሌላ ምንም አይታይም። ጣሪያው እየወረደ ይሄዳል። መጀመሪያ አባት ያጎነብሳል፣ ቀጥሎ እናት፣ ከዚያ ትልቁ ልጅ። ቀጥ ብላ የምትሄደው የአምስት ዓመቷ ብቻ ናት። ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ አንዳንድ ቦታ ውሃ ያንጠባጥባል፣ የፊተኛው ሰው ድምፅ ከሩቅ ይመጣል። አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። ልጆች በመሃል። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ውጭ ይጠብቅ፤ መሃል ላይ መዞር አስቸጋሪ ነው። ጨለማ የሚፈራ ልጅ ካለ አታስገድዱት። መግቢያው ጋ ገብቶ መውጣቱ ለእሱ በቂ ነው።

ትልቁን ምድር ቤትም አትለፉት። 24 ሜትር በ16 ሜትር የሆነ፣ መሃሉ ላይ አንድ ምሰሶ የሌለው ጣሪያው ጎባጣ አዳራሽ ነው። ግድግዳው እስከ 4 ሜትር ይወፍራል። መሃሉ ላይ ቆማችሁ ልጆቹ አንዴ እንዲዘፍኑ ፍቀዱላቸው። ዝግጅት በሚኖርበት ቀን ግን ለጎብኚ ሊዘጋ ይችላል።

አደጋውን ሳልናገር አላልፍም። ደረጃው ወጣ ገባ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ አንዳንድ ቦታ ከጠርዙ ማዶ ገደል ነው። ከ6 ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው መድቡ። “ሁላችንም እናያቸዋለን” ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ጉልበት የሚያማት አያት ሙዚየሙንና ግቢውን አይታ ከግንቡ ጎን ባለው ምግብ ቤት ቡና ይዛ ወንዙን ብታይ ይሻላታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ለሁሉም ይበቃል። ልጅ መነጫነጭ ሲጀምር፣ ያልታየ ቦታ ቢቀርም፣ ውጡ።

ግንቡ ዝግ ሆኖ ካገኛችሁት ወደ ሰሜን ብራውባኽ ሂዱ። እዚያ ያለው ማርክስቡርግ ፈርሶ የማያውቅ ግንብ ነው፤ የሚጎበኘው ግን ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው። ልጆቻችሁ በጣም ትንንሽ ከሆኑና ረጅም መንገድ ካስፈራችሁ ደግሞ ፍራንክፈርት አጠገብ ታውኑስ ላይ ያለው የኮኒግሽታይን ፍርስራሽ ለግማሽ ቀን በቂ ነው። እሱንም በ1796 ያፈነዱት ፈረንሳዮች ናቸው።

8. ምሳ

ከግንቡ ውረዱና ወንዙ ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ስንቁን ፍቱ። ፍርስራሹ ውስጥ መብላት ንብና ቆሻሻ ያመጣል። ከምሳ በኋላ ትንንሾቹን አይስክሬም አስልሱና ለግማሽ ሰዓት ይሩጡ። ይህ ጊዜ የባከነ አይደለም፤ መኪና ውስጥ እንዲተኙ የሚያደርጋቸው እሱ ነው።

9. መመለስና ማስረከብ

ከሰዓት በኋላ ከ3 ሰዓት ተኩል በፊት ተነሱ። ከሳንክት ጎዋር ወደ ላይ ወጥታችሁ ኤ 61ን ያዙ፣ ወደ ደቡብ ሂዱ። ቢንገን አካባቢ ወደ ኤ 60 ተሻግራችሁ በማይንትስ አልፋችሁ በሩሰልስሃይም በኩል አየር ማረፊያው ትወጣላችሁ። መንገድ ካልተዘጋጋ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

አየር ማረፊያው ከመድረሳችሁ በፊት፣ ከአውቶባን ወጣ ባለ ማደያ ነዳጅ ሙሉ። አውቶባን ላይ ያለው ማደያ ውድ ነው። ደረሰኙን ያዙ። ነዳጅ ጎድሎ ከተመለሰ አከራዩ በራሱ ዋጋ ሞልቶ ያስከፍላችኋል። እዚያው የመቀመጫውን ፍርፋሪ አራግፉ፣ የልጅ መቀመጫዎቹን ሥርና የበሮቹን ኪስ ፈትሹ። የጠፋ አሻንጉሊትና መነጽር የሚገኘው እዚያ ነው።

ስታስረክቡ ሠራተኛ ካለ አብሯችሁ እንዲያየውና ጉዳት የለም ብሎ እንዲጽፍ ጠይቁ። ከሌለ ስትረከቡ እንዳደረጋችሁት ቪዲዮ እያነሳችሁ ዙሩ፣ የቆመበትን ቦታ ቁጥር፣ ኪሎ ሜትሩንና ነዳጁን አንሱ። መያዣው ከካርዳችሁ እስኪለቀቅ ቀናት ይወስዳል፣ የቅጣት ደብዳቤ ደግሞ ሳምንታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። እስከዚያ ፎቶዎቹንም ደረሰኙንም አታጥፉ።